ለሥራ ወደ ሌላ አገር መሄድ፦ ቤተሰብ ከመወሰኑ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ወደ እኔ የሚመጡ ቤተሰቦች ቀድሞ የሚጠይቁኝ ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ አረጋውያን አበል ነበር። አሁን ግን ‹‹ሥራ በውጭ አገር ተገኝቷል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?›› የሚል ጥያቄም ተጨምሯል። ጠያቂዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ኩባንያው ወደ አሜሪካ ሊያዛውረው የፈለገ የሃይቴክ ሠራተኛ አለ። ‹‹የነርስ ደመወዝ እዚያ እጥፍ ነው›› የተባለች ነርስ አለች። ከሠራዊት እንደወጣ ጓደኛው ‹‹ና፣ በሞል ውስጥ ክሬም እንሽጥ፤ በስድስት ወር የመኪና ገንዘብ ይዘህ ትመለሳለህ›› ያለው ልጅም አለ።

እኛ ለመንገድ እንግዳ አይደለንም። በሱዳን በኩል በእግራቸው ያለፉትም ሆኑ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በአንድ ቀን ተኩል የገቡት ዛሬ ብዙዎቹ አያቶች ናቸው። ያ ጉዞ ግን ወደ ኢየሩሳሌም ስለነበር ማንም ቁጭ ብሎ ትርፍና ኪሳራውን አላሰላም። ይኸኛው የእንጀራ ጉዳይ ነውና ሊሰላ ይገባል። ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለ አሜሪካ ስለሆነ ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ እርሷ ነው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ የእስራኤል ዜጋ ኤስታ በሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ፣ ቪዛ ሳይጠይቅ፣ እስከ 90 ቀን አሜሪካ መግባት ችሏል። ይህን አንዳንድ ወጣቶች እንደ ሥራ በር አዩት። አይደለም። ኤስታ ለጉብኝትና ለአጭር የንግድ ስብሰባ ነው፤ እዚያ ተቀጥሮ ደመወዝ መቀበልን አይፈቅድም፤ 90ው ቀንም አይራዘምም። በቱሪስት ወረቀት በሞል ውስጥ ሲሸጥ የተያዘ ልጅ ይባረራል፤ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ማመልከቻ ላይ ታሪኩ ይከተለዋል። ከተፈቀደለት ቀን ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈ 10 ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል። አሠሪው ‹‹ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው›› ሲል የሚባረረው ሠራተኛው እንጂ እርሱ አለመሆኑን ለልጆቻችን መንገር አለብን።

ሕጋዊ የሥራ ፈቃዶችም ቢሆኑ አይመሳሰሉም። ኤች 1 ቢ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚያመለክተው አሠሪው ነው፤ ጠያቂው ብዙ ስለሆነ ለአብዛኞቹ በዕጣ ይታደላል። ሥራው ከተቋረጠ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ወይም አገሩን ለቆ ለመውጣት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ኤል 1 ደግሞ ኩባንያው እዚህ ይሠራ የነበረውን ሠራተኛ ወደ አሜሪካ ቅርንጫፉ ሲያዛውር የሚሰጥ ነው። ኢ 2 የሚባለው፣ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ንግድ ለሚከፍት የሚሰጠው ቪዛ፣ ለእስራኤላውያን የተፈቀደው ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2019 ጀምሮ ነው። በእነዚህ ፊደሎችና ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በቤት ውስጥ ትልቅ ነው። የኤል 1 እና የኢ 2 ባለቤቶች መሥራት ይችላሉ፤ የኤች 1 ቢ ባለቤት ግን የግሪን ካርዱ ጉዳይ የተወሰነ ደረጃ ላይ ካልደረሰ በቀር መሥራት አትችልም፤ አይችልም።

ፈቃድ በሚጠይቅ ሙያ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ አንድ አገር ትሁን እንጂ የነርስን፣ የመምህርን፣ የማኅበራዊ ሠራተኛን የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ነው። ነርስ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና በእንግሊዝኛ ማለፍ፣ የትምህርት ማስረጃዋንም ማስመርመር ይኖርባታል። ስለዚህ ‹‹አሜሪካ ልሂድ ወይ?›› ከማለት በፊት ‹‹የትኛው ግዛት?›› ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ‹‹ለጊዜው›› በጽዳት ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ እሠራለሁ ማለት እናቶቻችን እዚህ አገር ሲገቡ የሰሙት ቃል ነው፤ ያ ‹‹ለጊዜው›› ስንት ዓመት እንደፈጀ ሁላችንም እናውቃለን።

ደመወዙን በሸቀል አትቁጠሩት

‹‹በወር 7,500 ዶላር›› ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በሸቀል ማባዛት ነው። ወጪው በዶላር ስለሆነ ሒሳቡም በዶላር ይሁን። ለምሳሌ ያህል፣ ከግብርና ከሌላ ተቀናሽ በኋላ 5,800 እጅ ላይ ገባ እንበል። የቤት ኪራይ 2,600፣ ለሁለት ሕፃናት መዋያ 2,400፣ ለጤና መድን የሠራተኛው ድርሻ 500 ቢሆን የሚተርፈው 300 ዶላር ነው። ገና ምግብ አልተገዛም፣ መኪና አልተነሣም። እነዚህ ቁጥሮች የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ እናንተ በምትሄዱበት ከተማ ዋጋ ተኩት።

እዚህ የለመድናቸውና ዋጋ ያላቸው የማይመስሉን ነገሮች አሉ። እዚህ ጋን ከ3 ዓመት ጀምሮ ነፃ ነው፤ እዚያ የሕዝብ ትምህርት ቤት በነፃ የሚጀምረው በብዙ ቦታ በ5 ዓመት ነው። እዚህ የሚፈለገውን ጊዜ ሠርታ የወለደች ሴት 15 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች፤ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚያስገድደው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እርሱም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ። የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት በፌዴራል ሕግ ግዴታ አይደለም፤ አሠሪው በውሉ ላይ ካልጻፈው የለም። የጤና መድን ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራ ማጣት ማለት ብዙ ጊዜ ሐኪምንም ማጣት ነው። ልጆቹን በአይሁድ ትምህርት ቤት ማስተማር የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ በብዙ ከተሞች ለአንድ ልጅ በዓመት አሥር ሺዎች ዶላር ይጠየቃል።

ውሉን ስትደራደሩ እነዚህን በስማቸው ጥሩና ጠይቁ። የመሄጃ ትኬት የሚሰጥ አሠሪ አለ፤ የመመለሻውንስ? ከዓመት በፊት ቢያሰናብታችሁ የኪራይ ውሉን ማን ይከፍላል?

ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ኩፓት ሆሊምና ፔንሲያ

ሰው አገር ለቆ ሲሄድ ቢቱዋህ ሌኡሚ ዝም ብሎ አይዘጋም፤ ክፍያው ይቀጥላል፤ ካልተከፈለም ዕዳው ይጠራቀማል። ዋናው ጥያቄ ‹‹ነዋሪ ናችሁ ወይስ አይደላችሁም?›› የሚለው ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ዜግነትን ሳይሆን የኑሮ ማዕከልን፣ መርካዝ ሃሃዪም የሚሉትን ነው፦ ቤታችሁ የት ነው፣ ልጆች የት ይማራሉ፣ የምትሠሩት የት ነው? ከ5 ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ነዋሪ እንዳልሆነ ይገመታል፤ ከዚያ በፊትም ሊወሰን ይችላል። ነዋሪነት ሲቋረጥ የልጆች አበልም የኩፓት ሆሊም መብትም አብሮ ይቋረጣል። ነዋሪነቱ ተቋርጦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ ቆይቶ የሚመለስ ሰው ለእያንዳንዱ የቆየበት ዓመት አንድ ወር፣ ቢበዛ 6 ወር፣ ያለ ጤና መድን ሊጠብቅ ይችላል፤ መጠበቅ ካልፈለገ ልዩ ክፍያ አለ። በሌላ በኩል ውሉን እዚህ አገር ከእስራኤላዊ አሠሪ ጋር ፈርሞ የተላከ ሠራተኛ ሁኔታው የተሻለ ነው፤ ተቀናሹ እንደወትሮው ሊቀጥል ይችላልና ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ጡረታ ብዙዎች የማያውቁት ይኸ ነው። እስራኤል ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከብሪታንያና ከሌሎችም አገሮች ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት አላት። ከአሜሪካ ጋር የላትም። በአሜሪካ የጡረታ መብት ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ሥራ ያስፈልጋል። ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ከደመወዙ ቢቆረጥበትም በዚያ ብቻ የአሜሪካ ጡረታ አያገኝም፤ የእስራኤሉም በዚያ ጊዜ ካልተከፈለ ሊጎድልበት ይችላል። በ28 ዓመት ይህ ቀላል ነው። በ48 ዓመቱ ለሚሄድ፣ በተለይም አገሩ ዘግይቶ ገብቶ ፔንሲያው ቀድሞውኑ ትንሽ ለሆነ ሰው፣ ቀላል አይደለም።

ከሥራ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በአጠቃላይ ፒጹዪም አያገኝም። ውላችሁ በሰዒፍ 14 ከሆነ ግን በፈንዱ ውስጥ የተጠራቀመው የእናንተ ነው፤ ስለዚህ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት የደመወዝ ወረቀታችሁንና ውላችሁን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ኬሬን ሂሽታልሙት ከ6 ዓመት በኋላ ያለ ግብር ይወጣል። ፔንሲያን ግን ‹‹ለመነሻ ይሁነን›› ብሎ ጊዜው ሳይደርስ ማውጣት ቢያንስ 35 በመቶ ግብር ያስከፍላል። እኔ በበኩሌ ያን ገንዘብ ካልነካችሁ መሄድ የማትችሉ ከሆነ ገና አልተዘጋጃችሁም እላለሁ።

ለኦሌ በተሰጠ ማሽካንታ ቤት የገዛችሁ ደግሞ ቤቱን ስለ ማከራየት ውሉ ምን እንደሚል ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቃል መልስ አይበቃም።

ደብዳቤውን ማን ያነባል?

በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ ከልጆች አንዱ የቤቱ ጸሐፊ ነው። ከባንክ፣ ከዒሪያ፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚከፍተው እርሱ ነው። ከእናቱ ጋር ሐኪም ዘንድ ገብቶ ያስተረጉማል፤ የመድኃኒቱን ሰዓት በሣጥኑ ላይ ይጽፋል፤ የውሃው ክፍያ ሲበዛ ስልክ ደውሎ ይጨቃጨቃል። ይህ ሥራ ስምም ደመወዝም የለውም፤ ስለዚህ መሄድ ሲታሰብ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

ወንድሜ ወደ ካናዳ በሄደ ጊዜ እኛ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ያሰብነው ስለ ናፍቆት ብቻ ነበር። እናታችን ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። በሦስተኛው ወር ሌላ ነገር ስፈልግ ከረጢቱን አገኘሁት። አንዱ ደብዳቤ አበሏ እንዲቀጥል ተሞልቶ መመለስ የነበረበት ቅጽ ሲሆን ጊዜው አልፏል፤ ገንዘቡም መግባት አቁሟል። ‹‹እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?›› ስላት ‹‹እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፤ እርሱ ለበዓል ሲመጣ ያነበዋል ብዬ ነው›› አለችኝ። አበሉ በኋላ ተስተካክሏል። እኔ ሙያዬ ይኸው ሆኖ ሳለ በራሴ እናት ቤት ያለውን ከረጢት ሦስት ወር አለማየቴ ግን እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የሚሄደው ሰው ከመሄዱ በፊት ሥራውን በስም ለሌላ ሰው ያስረክብ። ‹‹ሁላችንም እናያታለን›› ማለት ማንም አያያትም ማለት ነው። ተረካቢው ከሚሄደው ጋር ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ይክፈት፤ የሐኪሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ዝርዝር፣ የባንኩን ጉዳይ፣ የኤሌክትሪኩን ቁጥር ይጻፍ። ለወላጅ ጉዳይ ፈራሚ ሆኖ የቆየው ልጅ የሚሄድ ከሆነ ውክልናው ይቀየር። ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ዪፑይ ኮዓህ ሚትማሼህ የሚባል ሕጋዊ ሰነድ አለ፤ ሰው አእምሮው በሙሉ ጤንነት ላይ እያለ፣ ወደፊት ራሱን መምራት ቢያቅተው ማን እንደሚወስንለት አስቀድሞ የሚመርጥበት ነው። የሚዘጋጀው ለዚህ በሠለጠነ ጠበቃ ሲሆን ወላጁ የሚፈርመውን ሊረዳ ይገባል፤ ስለዚህ አማርኛ የሚያስረዳ፣ በውርስም ጥቅም የሌለው ሰው ይኑር።

ወላጆችንም ጠይቁ፤ አጠያየቁን ግን ዕወቁበት። ‹‹ልሂድ ወይ?›› የተባለች እናት ‹‹ሂድ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይከተልህ›› ትላለች። ይህ ምርቃት ነው፤ መልስ አይደለም። ‹‹እኔ ስሄድ ማክሰኞ ለስኳሩ ምርመራ ማን ይወስድሻል? ሌሊት ቢያምሽ መጀመሪያ ለማን ትደውያለሽ?›› ብላችሁ ስትጠይቁ ነው እውነቱ የሚወጣው። እኔ በነበርኩበት አንድ የቤተሰብ ስብሰባ አባትየው አንድ ሰዓት ሙሉ ‹‹እሺ፣ እሺ›› ሲሉ ቆይተው ይህ ጥያቄ ሲመጣ ‹‹ለማንም አልደውልም›› አሉ። ውይይቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በሄደውና በቀረው መካከል ያለውም ጉዳይ በጊዜ ይነገር። የሄደው ዶላር ይልካል፤ የቀረችው እኅት ደግሞ ከሥራ እየቀረች ሆስፒታል ታድራለች። ዶላሩ ያንን አይተካም፤ ግን ታክሲ፣ የሰው እገዛ፣ የእርሷንም የዕረፍት ቀን ሊገዛ ይችላል። የሚላከው ለምን እንደሆነ በግልጽ ተነጋግሮ መስማማት ከቅሬታ ያድናል።

ስለ ልቅሶም ልናገር። በእኛ ባህል አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚህ ደግሞ ቀብር በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ነው። በእ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ቤን ጉሪዮን ለመደበኛ በረራ ሲዘጋ፣ ገንዘብ ያለውም መግባት አልቻለም ነበር። የሚሄድ ሰው ምናልባት እንደማይደርስ አውቆ፣ ቤተሰቡም ያንን አውቆ ይለያዩ።

የትዳር ጓደኛና ልጆች

ብዙ ጊዜ ሥራው የተገኘው ለአንዱ ነው፤ ሌላው የሚከተል ነው። እዚህ የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ ባንክ፣ የራሷ ጓደኞች የነበሯት ሴት እዚያ የመሥራት ፈቃድ የሌላት፣ ወረቀቷም በባሏ ላይ የተንጠለጠለ ልትሆን ትችላለች። ሰላም በነበረበት ቤት ይህ ይከብዳል፤ ሰላም በሌለበት ቤት ግን አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ ማስፈራራት ወይም ዱላ ካለ ‹‹ቦታ ስንቀይር ይሻላል›› የሚለውን አልመክርም፤ እዚያ የሚጠራ ዘመድ የለም። በማንኛውም ሁኔታ እያንዳንዱ ሰው ዳርኮኑን ራሱ ይያዝ፤ በስሙም የባንክ ሒሳብ ይኑረው። የተፋቱ ወላጆች ደግሞ ልጅን ያለ ሌላው ወላጅ ስምምነት ወይም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ይዘው መሄድ አይችሉም። እስራኤልም አሜሪካም በ1980ው የሄግ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ልጁ እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችላል።

ለአራት ዓመት ልጅ አዲስ ቋንቋ ጨዋታ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ከባግሩት፣ ከጓደኞቹና ከሠፈሩ ይነቀላል፤ እዚያ ሲደርስ በእንግሊዝኛው ምክንያት ደካማ ተማሪ ተብሎ ሊመደብ ይችላል። የልዩ ትምህርት መብት ያለው ልጅ ካላችሁ ውሳኔዎቹንና የምርመራ ወረቀቶቹን ከመሄዳችሁ በፊት አስተርጉሙ። ስለ ሠራዊትም አስቡ። ከወላጆቹ ጋር 16 ዓመት ሳይሞላው የወጣ ልጅ ‹‹ቤን መሃግሪም›› የሚባል ደንብ ሊመለከተው ይችላል፤ ያም በራሱ የሚሆን ሳይሆን በእስራኤል ቆንስላ በኩል ጉዳዩን ማስተካከል ይጠይቃል። ዝም ብሎ የቆየ ልጅ ለአያቱ ሠርግ ቤት ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ችግር ሊገጥመው ይችላል።

የአማርኛው ጉዳይም አለ። እዚህ ልጆቻችን ዕብራይስጥ እየተናገሩ አማርኛውን ቢያንስ ይሰማሉ። እዚያ እንግሊዝኛው ሲነግሥ ዕብራይስጡ የቤት ቋንቋ ይሆናል፤ አማርኛው ደግሞ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ይወርዳል፤ አያትና የልጅ ልጅ በስልክ ‹‹ሰላም ነሽ›› ተባብለው ዝም ይላሉ። ዘመድን እስከ ሰባት ቤት መቁጠርም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌ በሌለበት ቦታ ማን ለማን ምን እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። የሚሄዱ ወላጆች የትውልድ ሐረጉን ከሽማግሌዎቹ ቃል ጽፈው ይያዙ። ይህ የእኔ የግል ልመና ነው።

ስለ ቀለማችንና ስለ አይሁድነታችን

አንዳንዶች በግልጽ ‹‹ዘረኝነቱ ሰልችቶኛል›› ይሉኛል። በ2015ና በ2019 አደባባይ የወጡት ልጆቻችን ለምን እንደወጡ አውቃለሁ፤ አልከራከራቸውም። ግን አሜሪካ ስትደርሱ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የሚያየው ኦሌ ወይም እስራኤላዊ ሳይሆን ጥቁር ሰው ነው። በምኵራብም ‹‹አይሁዳዊ ነህ?›› የሚለው ጥያቄ ሊከተላችሁ ይችላል፤ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 የሰጡትን ውሳኔ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ አያውቅም። ኬቱባችሁንና የዓሊያ ሰነዳችሁን መያዝ፣ ለልጆች ትምህርት ቤትም ሆነ በኋላ ለጋብቻ፣ ከክርክር ያሳርፋል። በሌላ በኩል ደግሞ በኒውዮርክ በሀርለም በ2014 ጽዮን ካፌን የከፈተችው ቢጂ ባርሃኒ እንዳሳየችው፣ እንጀራችንንና ታሪካችንን ይዞ በኩራት መኖርም ይቻላል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ያሉት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ቢሆኑም ቋንቋው አንድ ነውና ቤትና ሥራ ለማግኘት ይረዳሉ።

በሩ ክፍት እንዲቆይ

ብዙ ሰው ‹‹ለሁለት ዓመት›› ብሎ ይሄዳል። ባልና ሚስት ከመነሣታቸው በፊት አንድ ቀን ወስነው ይጻፉ፦ በዚያ ቀን ተቀምጠን እንነጋገራለን፣ ከሁለታችን አንዳችን ‹‹ይብቃ›› ካልን እንመለሳለን። ለአራት ሰው የመመለሻ ትኬትና የሦስት ወር ኑሮ የሚበቃ ገንዘብ እዚህ በባንክ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም ስትመለሱ ድሜይ አቭታላ አትጠብቁ። ለእርሱ ባለፉት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር እዚህ መሥራት ያስፈልጋል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ‹‹ቶሻቭ ሆዜር›› ተብሎ ከሚስራድ ሃዓሊያ ቬሃክሊታ እርዳታ ሊጠይቅ ይችላል፤ በግብር ረገድ የሚገኘው ጥቅም ግን ከ6 ዓመትና ከ10 ዓመት በላይ ለቆዩ ነው።

የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ወረቀቶች አፖስቲል የሚባለው ማኅተም ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ከዚያ ሆኖ ማስደረግ ብዙ ያደክማል፣ ከዚህ ሳትወጡ ጨርሱት። የልጆቹን የክትባት መዝገብ ከቲፓት ሃላቭ ወይም ከኩፓት ሆሊም ውሰዱ፤ እዚያ ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ የሚጠየቁት ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አንዱ እርሱ ነው። የሁሉንም ቅጂ አንድ ስብስብ ደግሞ እዚህ ለቀረው፣ ደብዳቤውን ለሚያነበው ሰው ስጡት።